ሳል አስተማሪዋ አክስቴ

አክስቴ ሰዎችን ሳል ታስተምራለች። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ «ሳል ደግሞ አስተማሪ ይፈልጋል እንዴ?» ይሉኛል። ይፈልጋል። ያላመነ አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ሄዶ ይቁም። የላብራቶሪው መስኮት እንደተከፈተ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተሰጣቸው ሰዎች ከዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ። አክስቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ብቅ ትላለች። እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆማለች፤ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ትጭናለች፤ አየሩን እስኪበቃት ትስባለች፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦች ብድግ ብለው እስኪበሩ ድረስ ታስላለች።

«ከጉሮሮ አይደለም!» ትላለች ትንፋሿን ሰብስባ። «ጉሮሮ ውስጥ ምን አለ? ከታች ነው፣ ከሳንባ! ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አልጋ ሥር እንደተደበቀ ልጅ ጎትታችሁ አውጡት!»

በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሲሰማ «ምስኪን ሴትዮ፣ ዛሬን ብታድር ነው» ብሎ ያዝንላታል። እሷን ግን ጉንፋን እንኳ ደፍሯት አያውቅም።

ዕቃው ሲመለስላት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች። ወፈር ያለ አክታ ከሆነ «ጎበዝ!» ትላለች፤ ያመጣው ሰውም ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣ ተማሪ ደረቱን ይነፋል። ቀጭንና አረፋ የበዛበት ከሆነ ግን ፊቷ ይኮሳተራል። «ይሄ ምራቅ ነው፣ ተመለስ!» በቃ። ሹም የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ራሱን ሰው ፊት መልሳዋለች። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም የሚኖረው ሳንባ ውስጥ እንጂ አፍ ውስጥ አይደለም፤ ምራቅ የመረመረ ሰው፣ ሌባው ጓዳ ተደብቆ ሳለ በረንዳውን ብቻ አይቶ «ማንም የለም» ብሎ እንደሄደ ፖሊስ ነው። ይህ የራሷ አነጋገር ነው፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

ሰፈሩ «እትዬ ሌንስ» ይላታል። የዕድሜዋን ግማሽ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ነው ያሳለፈችው። አክታውን መስታወት ላይ ትቀባለች፣ በእሳት ታደርቃለች፣ ቀለም ታፈስበታለች፣ ታጥበዋለች፤ ከዚያ ሁለቱንም ዓይኗን ከፍታ ታያለች። አንድ ዓይን መጨፈን የጀማሪ ነው ትላለች። ሰማያዊው ላይ ቀጫጭን ቀያይ ዘንጎች ከታዩ በሽታው አለ፤ ካልታዩ የለም። ደግሞ «የለም» የምትልበት አኳኋን አላት፤ ዳኛ እንኳ እንደዚያ ኮርቶ አይፈርድም።

ይህን ዓይኗን ሥራ ቦታ ትታው ብትመጣ መልካም ነበር። አትተወውም። ሩዝ ስትለቅም ጠጠሩ ፈርቶ ራሱ የሚወጣ ይመስለኛል። እኔ የታጠበ ብርጭቆ ሳቀርብላት መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን ካላየችው አትጠጣበትም። የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ቤት ነው ያደግኩት፤ እስከ ዛሬ በዚህ ዓይን ሥር በሕይወት መቆየቴ ራሱ ይገርመኛል።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ናት፤ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ከዚያ በተረፈችው ቦታ ደግሞ እኔ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ። ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ፔዳሉን እየረገጠ ያንጎራጉራል። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ የወገቡን ልክ በዓይኑ ያውቀዋል። «እሜቴ፣ ከባለፈው ሁለት ጣት ጨምረዋል» ብሎ ስንቱን እንዳስኮረፈ! ግን የሚሰፋው ልብስ ሰውነት ላይ ቁጭ ስለሚል ኩርፊያቸው የሚቆየው እስከሚቀጥለው ቀሚስ ድረስ ብቻ ነው።

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ ማሽኑ መጣ።

ግራጫ ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ አራት ትንንሽ በሮች አሉት፤ አጠገቡ ኮምፒዩተር። አብራው አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ተመድባ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት። «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ላላት ሁሉ መልሷ «ሁለት ሰዓት» ብቻ ስለሆነ፣ ስሟም «ሁለት ሰዓት» ሆኖ ቀረ። ሴትየዋ በመጣች በመጀመሪያው ቀን አክስቴን በትሕትና ወደ ሳጥኑ ጠጋ አድርጋ አስረዳቻት።

«እትዬ፣ ይሄ ጀርሙን በመልኩ አይደለም የሚፈልገው፣ በዘረመሉ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ብዙ ሲሆን ነው አይደል? ይሄ ጥቂትም ብትሆን ያገኛታል። ደግሞ ዋናው መድኃኒት ይገድላት አይገድላት እንደሆነ አብሮ ይናገራል።»

አክስቴ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ዓይኑ የታለ?» አለች።

«ዓይን የለውም።»

«እና ዓይን የሌለው ነገር ነው አየሁ የሚለኝ?»

ያን ቀን እራት ላይ ስለ ሳጥኑ ያልተባለ ነገር የለም። ጋሼ ዳቦውን እየቆረሰ በትዕግሥት ሰማትና «አንቺ ሴትዮ፣ ማሽን ስትሰድቢ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ። እራታችን የመጣው ከማሽን ነው፤ ማዶ ቆሞ ይሰማሻል» አላት። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አክስቴ ሁለታችንንም ገላመጠችን። ጋሼ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ በማግስቱ ከተረፈ ቀይ ከፋይ ለማይክሮስኮፗ ልብስ ሰፋላት፤ ዙሪያውን ዘምዝሞ፣ ላዩ ላይ ቁልፍ ተክሎ። ከዚያ በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ ከሁሉም አሳምሮ የሚለብሰው ማይክሮስኮፑ ሆነ።

መብራት ሲጠፋማ የአክስቴን ደስታ አትጠይቁኝ። «ዛሬ ሳጥኑ ተኝቷል!» ብላ ማይክሮስኮፗን መስኮት ላይ ታወጣና ከሥሩ ባለችው መስታወት ፀሐይ እየሰበሰበች ትሠራለች። ለጥበቃውም ሄዳ ትነግረዋለች፤ እየጮኸች ነው የምትነግረው፤ ጥበቃው አይሰማማ። ይህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ይዞት ነበር። ያኔ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር፤ ለወራት ደግሞ በየቀኑ መርፌ። ዳነ። መርፌው ግን ጆሮውን ይዞት ሄደ። የማይሰማ ሰው በር ላይ ጥበቃ ማቆም የኛ ጤና ጣቢያ ብቻ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ሰውየው ግን ካልፈለገው ሰው ጋር ላለመነጋገር እንደሱ የተመቸው የለም።

በብርዱ ወራት ጋሼ ማሳል ጀመረ።

«ብናኝ ነው» አለ። እውነትም ሱቃችን ብናኝ አያጣም፤ ሱፍ ሲቆረጥ አየሩ ራሱ የሚለበስ ይመስላል። አክስቴም «አፍህን ሸፍነህ ቁረጥ ብዬህ ነበር» ብላ ተቆጣችው። ብናኙ ግን ሱፍ በማይቆረጥበት ቀንም አልለቀቀውም። ጋሼ ማንጎራጎሩን ተወ። ማታ ማታ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። እኔ ማጠብ ስጀምር «ተይው፣ እኔ አለቀልቀዋለሁ» ይለኛል፤ በሕይወቱ መሀረብ አጥቦ የማያውቅ ሰውዬ!

አክስቴ አላየችም ማለት አልችልም። ሳሉን ሰምታለች። ግን የሰውየውን መክሳት እንዴት ትየው? ሸሚዙ ትከሻው ላይ ቁጭ ያለ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ልክክ ያለ ነው። የከሳ ሰው ልብሱ ይሰፋዋል፤ ጋሼን አልሰፋውም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትመጣ ያቺን ባለክዳን ዕቃ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ነገ ጠዋት ስትነሳ። ታውቀዋለህ፣ አላስተምርህም» አለችው። ጋሼም ጠዋት ዕቃዋን ይዞ ጓሮ ሄደ፤ ትንሽ ቆየ፤ ተመለሰ። አክስቴ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ክዳኑን አጠበቀች። በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ያን ቀን ስትመለስ ገና ከበሩ «የለም!» አለች፤ በዚያ በዳኝነት ድምጿ። «ሰማያዊ ብቻ ነው፣ አንድ ቀይ የለበትም! ብናኝ ነው ብዬ አልነበር?» ብርቱካን ገዝታ መጥታለች። እየላጠች ለሁለታችንም አጎረሰችን። ጋሼ ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው፤ እሷም ሳሉ እስኪያልፍ ሌላ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

ሳጥኑስ? ሳጥኑን ማን ጠየቀው! የእትዬ ሌንስ ባል አክታ በሳጥን ይታያል ማለት፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ከጎረቤት ዳቦ ይገዛል እንደማለት ነበር።

ነገሩን ያወጣው ካውያ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሼን ቡናማ ሱሪ ስተኩስ የኋላው ስፌት አልተኛ አለኝ። ውስጡን ገለበጥኩት። የወገቡ ስፌት አንድ ጊዜ ጠቦ ተሰፍቷል፤ ከሱ ገባ ብሎ ሌላ፤ ከዚያ ገባ ብሎ ሌላ፤ ትርፉ ጨርቅ እንደ ደብተር ተደራርቧል። ሥራውማ ምን ይወጣለታል፣ ከውጭ ምንም አያስታውቅም። ሮጬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ግራጫው እንደዚያው። ጥቁሩ እንደዚያው። ሸሚዞቹም በብብታቸው ገብተዋል። ሰውየው ሲከሳ ልብሱን ከኋላ ከኋላው እያስከሳ ነበር።

ሱሪውን ይዤ ሱቅ ገባሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አየኝ፤ ሱሪውን አየ። «ፋሽን ነው» አለ።

«ጋሼ!»

እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። «ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት። የለም ብላ ፈርዳለች። ከፍርዷ በኋላ ታምሜ ብገኝ መቼም አትታረቀኝም።» ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ያን ቀን ከታች አልጎተትኩትም፣ የኔ ልጅ። ጓሮ ቆሜ... ቢገኝስ ብዬ ፈራሁ። ምራቄን ተፋሁና ይዤላት መጣሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ደንበኛን ሁለት ጣት ጨመርሽ፣ ሁለት ጣት ቀነስሽ ሲል የኖረ ሰው፣ ከማንም በፊት የራሱን መክሳት በሜትር ሲከታተል ነበር። እኔ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ አይደለሁም፤ እሱም ያውቃል። ይህን ሁሉ ለኔ መንገሩ ራሱ እንድናገርለት ይመስለኛል።

አክስቴ ስትመጣ እራቱን አላቀረብኩም። ቡናማውን ሱሪ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ሥር ዘረጋሁላት። «ይሄን እይልኝ» አልኳት።

«ምኑን ነው የማየው?» አለች። ከዚያ አጎነበሰች። ሁለቱም ዓይኗ ክፍት ነው። በጣቷ የመጀመሪያውን ስፌት ተከተለች፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጋሼ በሩ ጋ ቆሟል። ቀና ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ልብሱን ሳይሆን እሱን።

«ምራቅ ነበር» አለች።

«አዎ» አለ ጋሼ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት...»

«ዝም በል። ምራቅ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ገና ሳነሳው አውቄዋለሁ። የሌላ ሰው ቢሆን በመስኮቱ ነበር የምመልስለት።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ያንተ እንዲሆን አልፈለግኩም። የለም ማለት ነበር የፈለግኩት፤ የለም አልኩ።»

ጋሼ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ሳይኖር አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ባሏን ይዛ ሄደች፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ ተከተልኩ። ወዳጅ ዘመድ ብላ በጓሮ በር አላስገባችውም። ዛፉ ሥር ከሰዎቹ ጋር አቆመችው። ጋዋኗን ለብሳ ወጣች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ አየሩን ሳበች፤ ሳሉ ግን መሀል ላይ ተሰበረባት። ርግቦቹም አልተነሱም። እንደገና ሞከረች። ሁለተኛው ጥሩ ነበር።

«ከታች» አለችው፣ እሱን ብቻ እያየች። «እንዳትፈራ። ጎትተህ አውጣው።»

ጋሼ ያንን ሁሉ ሰው አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ከሆዱ ጀምሮ አሳለ። ርግቦቹ በረሩ። ዕቃውን አቀበላት። ወደ ብርሃን ስታነሳው እኔም አየሁት፤ ወፍራሙ ውስጥ ቀጭን ቀይ ክር ነበረበት። «ጎበዝ» አለችው፤ ድምጿ ግን ለጉዳዩ የሚበቃ አልነበረም።

ማይክሮስኮፗ ቀይ ከፋዩን ለብሶ ይጠብቃታል። አለፈችው። ዕቃውን ለባለ ሳጥኗ፣ ለ«ሁለት ሰዓት» ሰጠቻት። «የኔ ዓይን ለሱ ያደላል» አለቻት። «ዓይን የሌለው ይየው።»

ከዚያ ወጥታ የበሽተኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት በመስኮቱ ከውስጥ ስታይ የኖረችውን አግዳሚ ያን ቀን ነው ከላዩ የተቀመጠችበት። «ይሄ ነገር ይቆረቁራል እኮ፣ ማንም አልነገረኝም!» አለች። ጥበቃው ከሩቅ አይቷት መጣና እንደ ልማዱ ግቢው እስኪናወጥ «እትዬ ሌንስ! ምነው፣ ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸ። አክስቴ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጆሮውን አየችው። ዓይኗን ከጆሮው ላይ ማንሳት አቃታት። ምን እንደምታስብ ገባኝ፤ እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር።

«ሁለት ሰዓት» በሩን ከፍታ ጠራችን። በሁለት ቃል መልሷ ስም የወጣላት ሴትዮ ያን ቀን ቃላቷን ስትመርጥ ቆየች። «ነቀርሳው አለ» አለች። «ብዙም አይደለም፣ በማይክሮስኮፕ ላይታይም ይችል ነበር። ግን ዋናውን መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ነው።»

አክስቴ ግድግዳውን ተደገፈች። «መርፌው ስንት ወር ነው?»

«እትዬ...»

«ስንት ወር ነው ያልኩሽ? ጆሮውስ?»

ጋሼ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያም ሆኖ አፉ አላረፈም። «ጆሮዬ ከሄደ ያንቺ ጭቅጭቅ ይቀርልኛል። ሐኪም ያዘዘው ዕረፍት ነው» አላት። ክንዱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ ያንኑ ክንድ ይዛ አልለቅም አለች።

«መርፌ ቀርቷል» አለች ሁለት ሰዓት። «አሁን የሚዋጥ ብቻ ነው። ሐኪሙ አይቶ ከተስማማው ስድስት ወር።»

«ሁለት ዓመቱስ?»

«ስድስት ወር ነው፣ እትዬ።»

አክስቴ ሳጥኑን አየችው። አራቱ በሮች ተዘግተዋል፤ ምንም እንዳልሠራ ሰው ዝም ብሏል። ቀረብ አለችና በጋዋኗ እጅጌ አናቱን ጠረገችለት። አቧራ አልነበረበትም። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ጆሮው ላይ ሄዳ «መርፌ የለውም! የሚዋጥ ነው! ስድስት ወር!» ብላ ጮኸችበት። ሰውየው ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። «ተመስገን» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለኔ ሳይደርስልኝ ቀረ እንጂ» አለና ወደ ግቢው በር ተመለሰ።

እኔና አክስቴ ተመረመርን፤ ነፃ ነን። የስፌት መኪናው ወደ በረንዳ ወጣ፤ የቤቱ መስኮት ቀንም ሌሊትም ተከፈተ፤ እኔ ጋቢ ደራርቤ ተኛሁ። ጋሼ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ፣ በዓይኑ ብቻ ደንበኛ ማስኮረፉን ቀጠለ። ክኒኑ ያቅለሸልሸዋል። አክስቴ ሲውጥ ቆማ ታያለች፣ ከዋጠ በኋላ «ምላስህን አንሳ» ትላለች፤ ከምላሱ ሥር አይታ አትረካም፣ ጉንጩንም ታስከፍተዋለች። «ያገባሁት ሴት ነው ወይስ ፍተሻ ጣቢያ?» ይላል። መሀል ላይ የእግሩ ጣት መደንዘዝ ጀመረ። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማህ ሳትደብቅ ንገረኝ ብሎት ስለነበር፣ አሁን ያ ሱሪ ደባቂ ሰውዬ ከሐኪሙ በር ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ከክኒኖቹ የአንዱ መጠን ተቀነሰለት፤ ድንዛዜውም እየለቀቀው ሄደ። እስኪለቀው ፔዳሉን እኔ ረገጥኩ፤ እሱ ከጎኔ ቆሞ አረጋገጤን ተቸ።

አንድ ነገር አክስቴን አስደሰታት። ለክትትል ሳጥኑ አይሆንም፤ የሞተውን ጀርም ጭምር አለ ይላል። ስለዚህ በየወሩ አክታው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከፊሉ ደግሞ ጀርሙን ለማብቀል ወደሚሞክረው ትልቁ ላብራቶሪ ይላካል፤ ያ ሳምንታት ይፈጃል። «አየሽ? ሳጥንሽ የሞተና ያለ አይለይም!» አለቻት ሁለት ሰዓትን፤ ሳምንቱን ሙሉ አለቻት። ግን የባሏን መስታወት ራሷ አላየችም። ሁለት ሰዓትን በራሷ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከኋላዋ ቆማ «ያንን ዓይንሽን ክፈቺው፣ ምን ያሳፍርሻል!» እያለች አሳየቻት።

አምስተኛው ወር ላይ ጋሼ ዛፉ ሥር ተሰልፎ ዕቃውን ሰጣት። ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ይሄ ምራቅ ነው፣ ተመለስ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ጋሼ ሄደ፣ አሳለ፣ ተመለሰ።

«ምራቅ ነው!»

እንደገና ሄደ። ወገቡን ይዞ፣ ፊቱ እስኪቀላ አሳለ፤ ርግቦቹ በረሩ። ይዞ ሲመጣ ገና ከሩቅ አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ከታች አላልኩህም?» አለችው።

«ከታች ነው!» ብሎ ጮኸ ጋሼ። «ከእግር ጥፍሬ ነው ያመጣሁት! ሌላ የለኝማ፣ አንቺ ሴትዮ! ምንም የለም!»

አክስቴ ዕቃውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «የለም» የሚለውን ቃል ከአፏ ነጥቋታል። ክዳኑን ገጠመች፣ ጎኑ ላይ «ምራቅ» ብላ ጻፈችበት፣ እንደዚያው ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ላከችው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቤታችን ውስጥ ስለ ውጤት ያነሳ ሰው አልነበረም። ስድስተኛውም ወር ሞላ፤ የመጨረሻዋ ክኒን ተዋጠች፤ ምላስ ተነሳ። ከዚያ ከትልቁ ላብራቶሪ የአምስተኛውም የስድስተኛውም መልስ መጣ፤ ምንም አልበቀለም።

ያን ቀን ጋሼ ቡናማውን ሱሪ ጭኑ ላይ አድርጎ ስፌቱን መተርተር ጀመረ፤ የውስጡን፣ ቀጥሎ የመሀሉን፣ ቀጥሎ የውጭውን። እያንጎራጎረ ነበር። ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ወገቡ ላይ ልክክ አለ። «ይኸው» አላት። አክስቴ ዓይኗን አላመነችም። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳበችና በወገቡ ዙሪያ አዞረችው፣ ቁጥሩን አየች።

«ልክ ነው አይደል?» አላት።

«ዝም በል፣ እንዳትተነፍስ» አለችና ሜትሩን ፈታ እንደገና ለካችው።